በ12 ቁጥር ውረዱ

ዓምና በጥር ወር ቤተሰባችን ባሕር ማዶ ተሻግሮ ነበር። የሄድነው ጃፓን አገር፣ ቶኪዮ ከተማ ነው። ታላቅ እኅታችን እዚያ ተምራ እዚያው ሥራ ይዛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከደመወዟ ቆጥባ የአይሮፕላን ቲኬት ላከችልን።

አባታችን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ገበሬ ናቸው። «ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ሳይገባ ከቤቴ አልነቃነቅም» አሉ። ስለዚህ ጥምቀት እስኪያልፍ ጠበቅን። እናታችን እንቁላልና ቅቤ ትነግዳለች። ከእነሱ ጋር የሄድነው እኛና ታናሽ ወንድማችን ነን።

ቶኪዮ የቆየነው አሥራ አምስት ቀን ነው። ስለ ሁሉም ቀን ብንጽፍ ይህች ወረቀት አትበቃንም። የምናወጋችሁ ስለ መጀመሪያዋ ቀን ብቻ ነው። በዚያች ቀን አባታችን ጠፍተውብን ነበር።

ጃፓን ከእኛ በስተምሥራቅ እጅግ ርቃ፣ በባሕር መካከል ያለች የደሴቶች አገር ናት። ፀሐይ ለእነሱ ቀድማ ትወጣለች። በስድስት ሰዓት ይቀድሙናል። እዚያ ሰው ቁርሱን ሲበላ እኛ አገር ገና ሌሊት ነው፤ ዶሮም አልጮኸ። ከአዲስ አበባ ማታ ተነሥተን፣ መንገድ ላይ ኮሪያ አርፈን፣ በማግስቱ ማታ ደረስን። የተኛነው በእኅታችን ቤት ነው። ሠፈሩ ካትሱሺካ በሚባለው የከተማው ወረዳ ውስጥ ነው። በቶኪዮ ካሉት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚኖሩት በዚያ አካባቢ ነው።

ጧት እኅታችን ስትቀሰቅሰን ፀሐይዋ በመስኮት ገብታለች። አባታችን አፈሩ።

«በዕድሜዬ ፀሐይ ወጥቶብኝ ተኝቼ አላውቅም፤ ምን ነካኝ?» አሉ።

«አባዬ፣ አካልህ ገና ደብረ ብርሃን ነው ያለው» አለቻቸው።

ቁርስ ላይ እኅታችን «ዛሬ ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ታናሽ ወንድማችን ረጃጅሙን ፎቅ አለ። እናታችን ገበያ አለች። አባታችን ግን አላመነቱም።

«አበበ የሮጠበትን መንገድ» አሉ።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ጃቶ በሚባል አገር ነው። አባታችን ከአባታቸው ስለ አበበ እየሰሙ ነው ያደጉት። እንደ ጎረቤት ሰው ነው የሚያወሩለት። የዚያን ዕለት ጧትም ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም።

ከቤት ከመውጣታችን በፊት እኅታችን ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት ሰጠችን። በወረቀቱ ላይ በትልቁ 12 ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የስልክ ቁጥሯና አድራሻዋ በጃፓን ፊደል አለ።

«ከተለያየን በ12 ቁጥር ውረዱ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ እንዳትሉ» አለችን።

ወረቀቷን ምን እንደምታደርግ ያልገባን እኛ ነን። ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሰዎች በወረቀት ላይ በተጻፈ አንድ ቁጥር ልንመራ ነው እንዴ ብለን በልባችን ሳቅን። ወደ መንገድ ስንወጣ ሳቃችን ጠፋ። ማንበብ የምንችለው አንድም ነገር አልነበረም! የሱቁ ስም፣ የመንገዱ ስም፣ ማስጠንቀቂያው፣ ሁሉም በጃፓን ፊደል ነው። ፊደሉ እንደ ጠፈር፣ እንደ እንጨት ክምር፣ እንደ ትንሽ ቤት ሆኖ ይታያል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጥቂት ነው። እናታችን ፊደል የቆጠረችው ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። ዞር ብላ አየችንና «አሁን እኩል ሆን» አለች።

መኪናው ደግሞ በግራ በኩል ነው የሚነዳው። በእኛ አገር በቀኝ ነው። መንገድ ልናቋርጥ እንደለመድነው ወደ ግራ አይተን አንድ እግር ስናወርድ እኅታችን በክንዳችን ጎተተችን። መኪናው በቀኛችን መጥቶ አፍንጫችን ሥር አለፈ። እዚያ አገር አስቀድሞ መታየት ያለበት ቀኝ ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብበነው ነበር። እግራችን ግን አላነበበውም።

የመጀመሪያው ባቡር ውስጥ ስንገባ አባታችን ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው፣ «እንደምን አደራችሁ!» አሉ። ድምፃቸው በማሳ ላይ የለመደ ነው። ሰው ሁሉ ቀና አለ፤ ከዚያ መልሶ አቀረቀረ። መልስ የሰጠ የለም። አባታችን ቅር አላቸው።

«ተጣልተው ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ።

አልተጣሉም። በባቡር ውስጥ ድምፅን ዝቅ ማድረግ እዚያ የክብር ደንብ ነው። በስልክ እንኳ አያወሩም። ብዙው ሰው ጧት በማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚሄድ ነው፤ ቆሞ የሚያንቀላፋ ሞልቷል። በቶኪዮ አስተዳደር ሥር ብቻ ወደ 14 ሚሊዮን ሰው ይኖራል። ይህ ሁሉ ሰው በየባቡሩ ቢጫጫ ምን እንደሚሆን አስቡት። በእኛ በኩል ሰላምታ አለመስጠት ነውር ነው፤ በእነሱ በኩል የሰውን ዕረፍት መንካት ነውር ነው። አባታችን ከዚያ ወዲያ በራሳቸው ብቻ ጎንበስ እያሉ ገቡ። በዚህ ጊዜ አጸፋውን ጎንበስ ብለው የሚመልሱላቸው ሰዎች ተገኙ። ለካ እነሱም እንደኛው እጅ ይነሣሉ!

አሳኩሳባሺ ከሚባል ጣቢያ ላይ ባቡር ቀየርን። ሁለተኛው ባቡር ቢጫ መስመር የተቀባ ነው። በቶኪዮ እያንዳንዱ የባቡር መስመር የራሱ ቀለም አለው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ደግሞ ቁጥር አለው። የጃፓንን ፊደል የማያውቅ መንገደኛ ቀለሙንና ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። በአሳኩሳባሺ ምሰሶ ላይ 20 የሚል አየን። የሚቀጥለው ጣቢያ 19 ሆነ። ከዚያ 18።

እናታችን ነገሩ ቶሎ ገባት። እንቁላል እየቆጠረች የምትሸጥ ሴት ቁጥር አይጠፋባትም። «እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ስንመለስ ይጨምራል ማለት ነው» አለች። በ17 ባቡሩ ሲቆም አባታችን ቁጥሩን በጣታቸው አሳዩን።

«አበበ እዚህ አገር ሲሮጥ ደረቱ ላይ የለጠፈው ይህን ቁጥር ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በቶኪዮ ማራቶን የአበበ መለያ ቁጥር 17 ነበረ።

ባቡሩ እየሞላ ሄደ። ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ እኛ በሩ አጠገብ ቀረን፤ አባታችን ወደ መካከል ተገፉ። 14 አለፈ። 13 አለፈ። 12 ላይ በሩ ተከፈተ። እኅታችን «ውረዱ! ውረዱ!» አለች። እናታችን ወረደች። ታናሽ ወንድማችንም ወረደ። እኛም ወረድን። አባታችን በሩ ዘንድ ሲደርሱ ከጎናቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። አባታችን ቆም ብለው በእጃቸው «ይቅደሙ» አሏቸው። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ መጡ። ለእሳቸውም «ይቅደሙ» አሉ። ቀጥሎ ሕፃን ያዘለች ሴት መጣች። «እለፊ ልጄ» አሏት። በዚህ መካከል ደወል ተደወለ። በሩ ተዘጋ። በመስተዋቱ ውስጥ ነጭ ጋቢ ታየን፤ ባቡሩ ሄደ።

ስንት ጊዜ ቆመን እንደቀረን አናውቅም። ባቡሩ የሚሄደው ወደ ሺንጁኩ ነው። በመካከል 11 ቁጥር አለች፤ 10 ቁጥር ሺንጁኩ ነው። ሺንጁኩ በዓለም ላይ ብዙ መንገደኛ ከሚያስተናግዱት ጣቢያዎች ሁሉ ይበልጣል ይባላል። ከ2012ቱ የኮሮና ወረርሽኝ በፊት በቀን ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ያልፍበት ነበር። መውጫ በሮቹ ከ200 በላይ ናቸው። አባታችን እዚያ ከወረዱ በየትኛው በር እንፈልጋቸዋለን? ስልካቸው የኢትዮጵያ ነው፤ እዚያ አይሠራም። የሚያውቁት ቋንቋ አማርኛና ኦሮምኛ ነው። በኪሳቸው ያለው ያቺ ወረቀት ናት።

እኅታችን ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ ወደ ሺንጁኩ ልሂድ፤ እናንተ እዚህ ጠብቁ» አለች። ታናሽ ወንድማችን «እኔ 11 ላይ ልይ» አለ። እኛ ደግሞ ፖሊስ እንጥራ አልን። ሁላችንም በአንድ ጊዜ እናወራለን። እናታችን ነጠላዋን አጠበቀች።

«ማንም ከዚህ አይንቀሳቀስም» አለች። «የጠፋ በግ የሚፈለገው ከመንጋው በተለየበት ነው። መንጋው ከተበተነ ወዴት ይመለሳል? እሱ 12 የሚል ወረቀት ይዟል። እኛ 12 ላይ ቆመናል። ይመጣል።»

እኅታችን «እማዬ፣ ይህ እኮ የበግ ማሰማሪያ አይደለም» አለች።

«ያው ነው» አለች እናታችን።

በየጥቂት ደቂቃው አንድ ባቡር ይመጣል። በር ይከፈታል፤ ሰው ይወርዳል፤ አባታችን የሉም። ሌላ ይመጣል፤ እሳቸው የሉም። የጣቢያው ስም ሰንዳጋያ ነው። የቆምንበት መሳፈሪያ ለ1957ቱ ኦሎምፒክ ለሚጎርፈው ሕዝብ ተብሎ የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ሳይሠራበት ቆይቶ በ2012 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ይህን እኅታችን ነገረችን፤ እኛ ግን በዚያ ሰዓት ጆሯችን አልሰማም። ዓይናችን ባቡር ባቡሩን ነበር።

እናታችን ቆማ ሳለች እግሯ ሥር የሚቆረቁር ነገር ተሰማት። በወለሉ ላይ ቢጫ ጡብ ተደርድሯል፤ ጡቡ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። «ይህን ለምን አበላሹት?» ብላ ጠየቀች። እኅታችን እንባዋን ጠርጋ መለሰችላት። ጡቡ ለዓይነ ስውራን ነው። ረጃጅም መስመር ያለበት «ቀጥል» ማለት ነው፤ ጉብታ ያለበት «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ማየት የተሳነው ሰው በእግሩና በበትሩ እየዳሰሰ ብቻውን ይሄዳል። መጀመሪያ የተነጠፈው በ1959 ዓ.ም. ኦካያማ በሚባል የጃፓን ከተማ ነው። እናታችን እግሯን ከጡቡ ላይ አነሣች። «እኛ አገር መሪ ልጅ ያስፈልገዋል፤ ልጁ ደግሞ ከትምህርት ይቀራል» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር፤ ትጸልያለች።

ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድማችን «ማዶ! ማዶ!» ብሎ ጮኸ። በሐዲዱ ወዲያ ማዶ፣ በተቃራኒው በኩል የመጣ ባቡር ቆሞ ነበር። ባቡሩ ሲሄድ መሳፈሪያው ላይ ነጭ ጋቢ ታየ። አባታችን ቀጥ ብለው ቆመዋል። በቀኝ እጃቸው ወረቀቷን ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«ባላችሁበት ቁሙ! አልንቀሳቀስም!» ብለው ጮኹ። በጃፓን አገር እንዲያ የጮኸ ሰው ያለ አይመስለንም። በዚያ ጊዜ ግን ማንም አልተቆጣም፤ እንዲያውም ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ።

እኅታችን በደረጃው ዞራ አመጣቻቸው። እናታችን ምንም አላለቻቸውም። ጋቢያቸውን አስተካከለችላቸው።

የሆነው እንዲህ ነው። በሩ ሲዘጋ አባታችን ደነገጡ፤ ግን ወረቀቷን አወጡ። ባቡሩ ሲቆም ምሰሶው ላይ 11 የሚል አዩ። «አንድ አልፌያለሁ፤ አንድ መመለስ አለብኝ» አሉ። ቶሎ ወረዱ፤ በዚህ ጊዜ ይቅደሙ አላሉም። እዚያው ቆመው የሚመጣውን ባቡር ሊሳፈሩ ሲሉ አንድ ነገር አሰቡ። በዚህ በኩል የሚመጣው ሁሉ ወደፊት ነው የሚሄደው፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው። መመለሻው በማዶ በኩል ነው። ወደ ማዶ ግን እንዴት ይሻገራል? ሐዲድ ላይ አይወረድ። አንዲት የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ አዩ። ጎንበስ ብለው ወረቀቷን አሳዩአት፤ በጣታቸው ወደ ማዶ ጠቆሙ። ልጅቱ አንብባ ጎንበስ አለች። ከፊታቸው ቀድማ በደረጃ አወረደች፤ በሌላ ደረጃ አወጣች። ትምህርት ቤቷ ሊረፍድባት ይችላል፤ ግን ባቡሩ እስኪመጣ አብራቸው ቆመች።

«ኋላ እጅ ነሣኋት» አሉ አባታችን። «እሷም ነሣችኝ። ልጅ ትብለጠኝ እንዴ ብዬ እንደገና ነሣሁ። እሷም እንደገና። ባቡሩ ባይደርስልን እስከ ማታ እጅ ስንነሣሣ እንውል ነበር።»

ከጣቢያው እንደወጣን ስታዲየሙ ቅርብ ነው። አባታችን አጥሩን፣ ግንቡን፣ በዙሪያው የተደረደረውን እንጨት ሁሉ ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ «አበበ የገባው በየትኛው በር ነው?» ብለው ጠየቁ። እኅታችን ይህችን ጥያቄ ፈርታ ነበር። አበበ የሮጠበት ስታዲየም አሁን የለም። በ2007 ዓ.ም. ማፍረስ ተጀመረና በቦታው አዲስ ተሠራ፤ አዲሱ በ2012 ዓ.ም. አለቀ። አባታችን ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ወረደ።

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጥነው?» አሉ።

እኅታችን ልታጽናናቸው ሞከረች። በዚሁ በአዲሱ ስታዲየም በ2013 ዓ.ም. ሰሎሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝቷል። በኮሮና ምክንያት ተመልካች አልነበረም። አባታችን «እሱም ጎበዝ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ይህች ከተማ አሮጌ ነገር አታስቀምጥም ወይ ሲሉ ጠየቁ። መልሱ የሚያሳዝን ነው። ቶኪዮ በ1915 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ወደመች። እንደገና ተሠራች። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ከአይሮፕላን በተጣለ ቦምብ ተቃጠለች። የአበበ ውድድር የተደረገው ከዚያ ቃጠሎ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው።

«መንገዱስ? መንገዱንም አፍርሰውታል?» አሉ አባታችን።

መንገዱ አለ! እኅታችን ይህን ለመጨረሻ አስቀምጣው ነበር። ተመልሰን ባቡር ተሳፈርን፤ 11ን አልፈን 10 ላይ ወረድን። በዚህ ጊዜ ሁላችንም የአባታችንን ጋቢ ጫፍ ይዘናል። ሺንጁኩ ሲሉት የሰማነው ሁሉ እውነት ነው። ሰው እንደ ክረምት ወንዝ ይፈስሳል። ደግነቱ ወንዙ መስመር አለው፤ ለመውጣት በአንድ ወገን፣ ለመውረድ በሌላው ወገን ነው። በጽሑፉ ሳይሆን በሥዕሉ ነው የሄድነው። መጸዳጃው፣ ደረጃው፣ መውጫው ሁሉ ሥዕል አለው። ይህም ከ1957ቱ ኦሎምፒክ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ከ90 በላይ አገሮች እንግዳ ሲልኩ ጃፓንኛ ማንበብ የሚችል ስለማይገኝ፣ የአገሩ ሠዓሊዎች ተሰብስበው ለየስፖርቱና ለየአገልግሎቱ ማንም የሚገባው ሥዕል ሠሩ። ስለዚህ እኛ የሄድነው ለአበበ ጊዜ እንግዶች በተጀመረ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል።

በደቡቡ በር ስንወጣ ፊት ለፊታችን ሰፊ አስፋልት አለ። ስሙ ኮሹ ካይዶ ነው። ማራቶኑ ከስታዲየም ተነሥቶ፣ በሺንጁኩ በኩል አልፎ፣ በዚህ መንገድ ቾፉ እስከሚባለው ከተማ ሄዶ፣ በዚያው ተመለሰ። ዕለቱ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር። አበበ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ያም ሆኖ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨረሰ። በዚያን ጊዜ በዓለም ከዚያ የፈጠነ አልነበረም። ሁለተኛው የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ ግን አልወደቀም፤ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር።

አባታችን ከእግረኛው መንገድ ዳር ቆሙ። መኪናው ያልፋል፤ ሰው ያልፋል። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

«አባዬ ምን ልታደርግ ነው?» አለች እኅታችን።

«አንድ ጊዜ በባዶ እግሬ ልርገጠው።»

ይህን ጊዜ እኛ የምናውቀውን ተናገርን። አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው በሮም ከተማ ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ። በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው። አባታችን ቀና ብለው አዩን።

«እርግጠኞች ናችሁ?»

«እርግጠኞች ነን።»

«እንዲያስ ከሆነ ላጥብቀው» አሉ። ማሰሪያቸውን አጥብቀው አሰሩ። ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በዳር በዳሩ ወደ ምዕራብ መራመድ ጀመሩ። እናታችን «እስከ 42 ኪሎ ሜትሩ ልትሄድ ነው?» አለቻቸው። መልስ አልሰጡም። እኛም ተከተልናቸው። ቀይ ሰው የተሣለበት መብራት እስኪያቆመን ድረስ ሄድን። አረንጓዴው ሰው ሲበራ ተሻግረን ሌላ ጥቂት ሄድን። ከዚያ እናታችን ራባት።

ከቤት የያዝነውን ቆሎና ዳቦ ልንበላ ስንል የሚጣል ነገር መጣያ ብንፈልግ በመንገዱ ላይ አጣን። እዚያ አገር ሰው ቆሻሻውን በኪሱ ወይም በቦርሳው ይዞ ቤቱ ይመለሳል። እናታችን የዳቦውን ፌስታል አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ሲመሽ ተመለስን። እኅታችን መንገድ እንድታሳይ እናታችን አልፈቀደችም፤ ራሷ መራች። ከ10 ጀምራ ጮክ ሳትል ቆጠረች፤ 11፣ 12፣ 13። አባታችን መቀመጫ አግኝተው ነበር፤ ደክሟቸው ዓይናቸው ይከደናል። 17 ላይ ቀና ብለው ቁጥሩን አዩ፤ ለእኛም በዓይናቸው ጠቀሱን። 19 ላይ ተነሡ። የምንወርደው በ20 ነው። ገና አንድ ጣቢያ ይቀራል። እሳቸው ግን ወረቀቷን በእጃቸው ይዘው፣ በሩን ተጠግተው፣ እስኪከፈት ጠበቁ።